ቤታችን ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፤ ልጆቻችን ግን መዖኖት ይግቡ

ነሐሴ ሲመጣ በርሼባ፣ ራሞት ሰፈር ውስጥ በብዙ ሐበሻ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ልጅ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ እልል ተብሏል፤ ለዘመድ ሁሉ ተደውሏል። ከዚያ ልጁ «መዖኖት መግባት እፈልጋለሁ» ይላል። የተማሪዎቹን መኖሪያ ማለቱ ነው። ቤቱ ዝም ይላል። እናት «ዩኒቨርሲቲው እኮ እዚሁ ነው፤ በአውቶቡስ ምን ያህል መንገድ ነው? ያደግህበት አልጋ ባዶውን ተነጥፎ ሌላ አልጋ ልትከራይ?» ትላለች። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ አባት ብዙም አይናገርም፤ «ሰው ምን ይላል?» ብሎ ነጠላውን አንስቶ ይወጣል።

እኔ በዚህ ክርክር ከልጆቹ ጋር ነኝ። ለምን እንደሆነ በሰፊው ልጻፍ፤ ምክንያቱም የወላጆቹን ፍርሃት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እኔ የፕኒሚያ፣ የአዳሪ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሳንነጋገር «ጊዜው ተለውጧል» ማለት እናቶቻችንን መናቅ ይመስለኛል። የእኛ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ የትምህርት ታሪክ ከጥንቱም ልጅን ከቤት የማራቅ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አውሮፓዊው አይሁዳዊ ምሁር ዣክ ፋይትሎቪች በ1905 ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ወደ አውሮፓ ይዞት ሄደ። ታምራት ተምሮ ተመለሰና በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ፤ ልጆቹም ከጎንደር አውራጃ መንደሮች ተነስተው እዚያ እያደሩ ተማሩ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ በድምሩ 27 ልጆች ከኢትዮጵያ እስራኤል ወዳለው ክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር መጡ። ዕቅዱ ተምረው እንዲመለሱና በየመንደራቸው አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር፤ አብዛኞቹ ተመለሱም፣ አስተማሩም። በዚያ ዘመን አንድ እናት ልጇን ስትሸኝ አንጀቷ ቢላወስም የምትጠብቀው ነገር ነበራት፦ ልጁ ፊደል ይዞ ወደ እሷ ይመለሳል።

ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሙሴ ዘመቻ ወገኖቻችን ከሱዳን ወደ እስራኤል ሲመጡ ብዙዎቹ ወጣቶች ያለ ወላጅ ነበሩ፤ መንገድ ላይ የቀረውን ቀብረው፣ ኢትዮጵያ የቀረውን እያሰቡ። የወጣቶች ዓሊያ፣ በ1933 ከናዚ ጀርመን ልጆችን ለማዳን የተመሠረተው ድርጅት፣ አዳሪ ቤቶች ውስጥ አስገባቸው። ለብቸኛ ልጅ ሌላ ምን ይደረግ ነበር? ግን መንገዱ አንዴ ከተጠረገ በኋላ ወላጅ ያለውም ልጅ በእሱ ተነዳ። ግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ወላጆች ሆቴልና ካራቫን ውስጥ ሲቀመጡ፣ አሥራዎቹ ውስጥ የገባው ልጅ አብዛኛው ወደ ፕኒሚያ ተላከ።

እኔም ከእነዚያ አንዷ ነኝ። የነበርኩበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ አብልተውናል፣ አስተምረውናል። ግን ማንም እናቴን አስቀምጦ፣ ገባሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። የሚላክላት ወረቀት በዕብራይስጥ ነበር። አዲስ ስም ተሰጠኝ። ቤት የምመጣው አንዳንድ ቅዳሜ ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር አማርኛዬ እየሳሳ፣ የእሷ ዕብራይስጥ ባለበት እየቆመ ሄደ። ምግብ አቅርባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ እኔም እበላለሁ። ከዚያ በላይ የምናወራው እያነሰ መጣ። ራሞት ውስጥ ዕድሜያቸው ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሰዎች ስንገናኝ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደጋግመን አናነሳውም እንጂ።

ስለዚህ አንዲት እናት «መዖኖት» የሚለውን ስትሰማ ጆሮዋ ውስጥ የሚገባው «ፕኒሚያ» ነው። እንደገና ሊወስዱብኝ ነው ትላለች።

ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንድ ያልሆኑበትንም ምክንያት ተረጋግተን እንየው። እኛ ወደ ፕኒሚያ ስንሄድ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሠራዊቱን ጨርሶ ነው። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በረሃ ላይ አድሯል፤ ዘብ ቆሟል፤ ከዚያም ብዙዎቹ የእኛ ልጆች መኺና፣ የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ፣ ገብተው ሒሳብና እንግሊዝኛ እንደገና ከሥር ተምረው፣ የመግቢያ ፈተናውን ፕሲኮሜትሪውን ደጋግመው ተፈትነው ነው እዚህ የደረሱት። ይህንን ሰው ማንም አይወስደውም። ራሱ ፎርም ይሞላል፣ ራሱ ኪራይ ይከፍላል፣ ዓርብ ሲሆን ራሱ ይመጣል። አውቶቡስ ቢያልፈው እንኳ ከካምፓሱ እስከ ራሞት ለወጣት እግር ሩቅ አይደለም፤ ሰንበት ሳይገባ ይደርሳል።

ቤት የሚቀረው ልጅ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ እንናገር፤ ይሄ በአደባባይ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። ቤት የሚቀር ልጅ ተማሪ ብቻ አይሆንም። የቤቱ ጸሐፊ ነው። የብሔራዊ መድኅኑን የቢቱአህ ሌኡሚን ደብዳቤ የሚያነብ እሱ ነው፤ በጤና መድኅኑ በኩፓት ሖሊም ቀጠሮ የሚያስይዝ፣ ባንክ የሚደውል፣ የታናሽ ወንድሙ አስተማሪ ስትጠራ የሚሄድ፣ አያት ሶሮካ ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሙ ያለውን ወደ አማርኛ የሚመልስ እሱ ነው። የበኩር ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ይሄ ሁሉ በእጥፍ ነው፤ ላዩ ላይ ለቅሶና ሰርግ፣ እንግዳና ቡና አለ። ማንም ክፋት አስቦ አይደለም። «ልጄ፣ ይቺን ወረቀት እስቲ እይልኝ» ማለት አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ይመጣሉ፤ ፈተናውም ነገ ጠዋት ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ መኝታ ቤቷን ከሁለት እህቶቿ ጋር ነው የምትጋራው። ልጅቷ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን ስታቋርጥ «አልሆነላትም» እንላለን። ያልሆነላት ትምህርቱ ነው ወይስ የምታጠናበት ጊዜና ቦታ?

የቤን ጉሪዮን መዖኖት ቅንጡ አይደለም። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች የበረሃ ፀሐይ የደበደባቸው ናቸው፤ ኩሽናው የጋራ ነው፤ ድስት ሳይታጠብ ያድራል፤ በማቀዝቀዣው መደርደሪያ ላይ ጠብ ይነሳል። በዙሪያው ጊሜልና ዳሌት ሰፈሮች ደግሞ አፓርታማ ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ሞልተዋል። ሰው እዚያ የሚያገኘው ነገር ግን በኪራይ አይለካም። የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት መወሰድ እንዳለበት፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች የት እንደሚገኙ፣ ልጅ ሲታመም ወይም ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ሲጠራ ሁለተኛ የፈተና ቀን እንዴት እንደሚጠየቅ፣ የትኛው መምህር ቢሮው ድረስ ሄደው ቢጠይቁት ደስ እንደሚለው። ይሄ ሁሉ በመጽሐፍ አልተጻፈም። በኮሪደርና በኩሽና፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሻይ እየተፈላ ነው የሚወራው። አባቱ መሐንዲስ፣ እናቱ ሐኪም የሆኑለት ልጅ ይሄንን እራት ላይ ሰምቶ አድጓል። የእኛ ልጅ ከማን ይስማ? ወላጆቹ ከብት ያረቡ፣ ብረት የቀጠቀጡ፣ ሸክላ የሠሩ፣ እዚህ መጥተው ፋብሪካ የቆሙና ወለል የጠረጉ ናቸው። የሚያውቁትን ሁሉ ሰጥተውታል፤ ይሄንን አያውቁትም።

አብሮ መኖር ምን እንደሚያስተምር የአገራችንን የኢትዮጵያን ነገር ላስታውስ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1961 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ግቢ ነው። ከዚያ በፊት ከ1958 ጀምሮ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በስኮላርሺፕ የመጡ ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር አብረው ኖረዋል። ያ ትውልድ ስለ ነፃነትና ስለ ፖለቲካ መነጋገር የጀመረው ከእነሱ ጋር ባሳለፈው ጊዜ ጭምር እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይመሰክራሉ። «መሬት ለአራሹ» ብሎ በ1965 አደባባይ የወጣው ተማሪ ያንን በሌክቸር አዳራሽ ብቻ አልተማረውም። ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ልጅ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደማያውቀው ከተማ ይሄዳል፤ የጎንደሩ ጅማ ይመደባል፣ የወላይታው ባሕር ዳር። አብዛኛውን ጊዜ ዶርሙንና ምግቡን መንግሥት ይሸፍንና ተመርቆ ሥራ ሲይዝ በወጪ መጋራት ይመልሳል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ልጄ ዶርም ገባ» ሲሉ በኩራት ነው። እኛ እዚህ ስንለው ለምን አንገታችንን እንደፋለን?

የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ መዖኖት ገባች። አብረዋት የሚኖሩት አንዷ ከራሃት የመጣች የበደዊን ልጅ፣ አንዷ ከሰሜን የመጣች ናት። የራሃቷ ልጅ አባት ለመፍቀድ የፈጀበትን ጊዜ ስትነግረኝ የእኛን ሽማግሌዎች የምሰማ መሰለኝ፤ «ሰው ምን ይላል» በዓረብኛም አለ። ድስት ለብቻ፣ ሥጋና ወተት ለብቻ፣ ሐላሉ ለብቻ፤ ተነጋግረው ተስማሙ። እህቴ በሳምንት አንዴ እንጀራና ወጥ በላስቲክ ዕቃ ትልካለች፤ መጀመሪያ ልጅቷ የበርበሬው ሽታ አሳፍሯት መስኮት ትከፍት ነበር። አሁን የሚያልቀው ከዓርብ በፊት ነው፤ ሦስቱም ይበሉታል።

የምነግራችሁ ዋናው ግን የስግዱ ነው። የትምህርት ዓመቱ ገና እንደተጀመረ የማኅበረሰባችን በዓል ስግድ ይመጣል፤ በ29 ሔሽቫን፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገር በዓል ነው። ጓደኞቿ «ምንድን ነው? ለምን ትጾማላችሁ? ቄሶቹ የሚያነቡት በምን ቋንቋ ነው?» ብለው ጠየቋት። መልስ አልነበራትም። ቤት እያለች በዓሉ በየዓመቱ ይመጣል፣ ነጭ ለብሳ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፣ በዚያው ያበቃል፤ የሚጠይቃት ስላልነበረ እሷም ጠይቃ አታውቅም። ያን ቀን ማታ ለእናቷ ደወለች። እህቴ ጎንደር ስላለችው አምቦበር፣ ተራራ ላይ ስለሚወጣው ሕዝብ፣ ስለ ድንጋዩ ሸክም፣ ስለ ግዕዙ ንባብ ለረጅም ጊዜ አወራቻት፤ ልጅቷ አማርኛ ሲጠፋት በዕብራይስጥ እየሞላች ጻፈች። እህቴ በማግስቱ እኔ ቤት መጥታ «ልጄ ይሄን ያህል አውርታኝ አታውቅም» አለችኝ። በዓመቱ ሁለቱ ጓደኞቿ በዓሉ እስከሚከበርበት እስከ ኢየሩሳሌሙ አርሞን ሀናጺቭ ድረስ አብረዋት ሄዱ።

እኔን ፕኒሚያ ከእናቴ ቋንቋ አራቀኝ። የእህቴን ልጅ መዖኖት ወደ እናቷ ቋንቋ አቀረባት። ልዩነቱ ርቀቱ አይደለም። እኔ በተላክሁበት ቤት ያመጣሁትን ነገር የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ቶሎ እንድተወው ነበር የሚፈለገው። እሷ በራሷ ፈቃድ፣ እንደ ሙሉ ሰው፣ ከእኩዮቿ መካከል ገብታ «አንቺ ማነሽ?» ተባለች፤ ለመመለስም የሚደወልላት እናት አለቻት።

ልጅ ከቤት አይራቅ ብለው የጦርነቱን ሳይረን የሚያነሱም አሉ፤ ልክ ናቸው። ሰኔ 2025 የኢራን ሚሳኤል ከካምፓሱ አጠገብ ያለውን ሶሮካን ሲመታ ልጅ ያለው ሁሉ ስልኩን ይዞ ነበር። ግን ራሞትም መዖኖትም በአንድ ሰማይ ሥር ናቸው፤ መጠለያው መኖሩን፣ የት እንዳለ፣ ከልጃችሁ ክፍል ስንት ደረጃ እንደሆነ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ክፍሉን ማየት ለብዙ ነገር መድኃኒት ነው።

የቀረው ገንዘቡ ነው፤ ይሄ እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ በምክር አይነሳም። ለልጆቻችን የሚሰጡ ስኮላርሺፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የትምህርት ክፍያውን ነው። ኪራዩን ልጁ ማታ በጥበቃ፣ በምግብ ቤት እየሠራ ይከፍላል፤ ያኔ መዖኖት የገባበት ጥቅም ራሱ ይጠፋል። ሁለት መንገድ አውቃለሁ። አንዱ ፔራሕ ነው፤ ከ1974 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም፤ ተማሪ አንድ ሕፃን እያስጠና የትምህርት ክፍያ እርዳታ ያገኛል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለኪራይ ያውላል። ሌላው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የራሱ «ክፍት አፓርታማዎች» ነው፤ ተማሪዎች በድሃ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ኪራይ እየኖሩ የሰፈሩን ሕፃናትና አረጋውያን ያገለግላሉ። አማርኛ የምትችል ተማሪ ለአረጋውያኖቻችን ምን ያህል እንደምትጠቅም ልንገራችሁ? ልጆቻችሁ እንዲያመለክቱ ንገሯቸው።

ግን ሁለቱም ቦታቸው ውስን ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ማኅበር ለምትመሩ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ለምትሠሩ፣ ለተማሪ ገንዘብ ለምታሰባስቡ ወንድሞችና እህቶች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለአንድ ልጅ ስኮላርሺፕ ስትቆርጡ የአልጋውን ኪራይ ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ «ቤተሰቡ በርሼባ ነው ያለው፣ አያስፈልገውም» የምትለዋንም መስመር ከፎርሙ ላይ አውጧት። ወላጆች ደግሞ የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ልጁን ጠይቁት። ማውራት የከበዳችሁ ካላችሁ እኔ ራሞት ነኝ፤ ቤቴ ኑ፣ ቡና አፈላለሁ፣ የእህቴንም ልጅ እጠራታለሁ፤ እሷ ከእኔ የተሻለ ታስረዳችኋለች።