ጎጆ ሠሪው
«ማሽላዬን የሚበላ ወፍ ፎቶ ታነሳለህ ልጄ?» አሉኝ ጠባቂው ሽማግሌ፣ ወንጭፋቸውን እንደያዙ። ቆቦ ላይ ክረምቱ ሊወጣ፣ ማሽላው እሸት ሊይዝ ሲል፣ ጎሊና ወንዝ ዳር ያለው ግራር በጎጆ ይንዠረገጋል።

«ግሪሳ አይደለም አባባ፣ ሸማኔ ወፍ ነው» አልኩ። ለማሽላው ግን ምን ልዩነት አለው!

ቢጫው ወንድ እርጥብ ሳር ሰንጥቆ በመንቁሩ ይቋጥራል። ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል፤ ሴቷ ገብታ ትፈትሻለች። ካልጣማት ውልቅ ነው። ቆይቶ እሱም ያፈርሰውና ሌላ ይጀምራል።

ከሩቅ፣ በረጅም ሌንስ ነው የማነሳው። ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ አልወድም፤ ጫጩቱን ለፀሐይና ለጭልፊት መስጠት ነው።

«እምቢ ስትለው ያፈርሰዋል?» አሉ ሽማግሌው ስነግራቸው።

«ያፈርሰዋል።»

«ታድሎ! ቆርቆሮ አይገዛ፣ ሚስማር አይገዛ!»