በዓመት አንድ ሳምንት የኛ የሆነ ቤት

አንባቢዬ፥ እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህ ሥራ አንድ ችግር አለው፤ ዘመድ ሁሉ ብድር ሲበደር፥ ዕቁብ ሲገባ፥ ቤት ሲከራይ ወረቀቱን ይዞ ወደ አስተማሪው ይመጣል። አሁን የማጫውትዎ ወረቀት ግን ሒሳቡን ሥራልኝ ተብሎ ሳይሆን ደስታውን ተካፈል ተብሎ የተላከልኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ፥ በላስ ቬጋስ ከተማ ታክሲ ይነዳል። ኮሌጅ ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ሱፍ ልብሴን የላከልኝም እሱ ነው። በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ማታ ደወለና «የዕረፍት ቤት ገዛሁ፤ ከእንግዲህ እማዬ በየዓመቱ እየመጣች አንድ ሳምንት ታርፋለች፤ አንተም ስታገባ ከሙሽራህ ጋር ትሄድበታለህ» አለኝ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ወዲያውም ውሉን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝ።

ፈረንጆች ይህን ዓይነት ግዥ ታይም ሼር ይሉታል፤ የጊዜ ድርሻ ማለት ነው። የመዝናኛው ቤት ዓመቱ በ52 ሳምንት ይከፈልና እያንዳንዱ ሳምንት ለየብቻው ይሸጣል። ዛሬ ብዙዎቹ በሳምንት ፈንታ ነጥብ ይሸጣሉ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ነገሩ የተጀመረው በኤውሮፓ ሲሆን፥ በስዊስ አገር ሐፒማግ የተባለው ማኅበር በ1963 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በአሜሪካም በ1974 አር ሲ አይ፥ በ1976 ደግሞ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል የተባሉ የመለዋወጫ ድርጅቶች ተመሠረቱ። ሳምንትዎ በላስ ቬጋስ ሆኖ ባሕር ማየት ቢያምርዎ፥ የራስዎን ሳምንት ለድርጅቱ ያስረክቡና ሌላው ሰው ያስረከበውን ይወስዳሉ።

ሲሰሙት ዕቁብ ይመስላል። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ እንዲሁ ነበር። ነገር ግን በዕቁብ የከፈሉት ገንዘብ ተራው ሲደርስ ወደ ኪስ ይመለሳል፤ በዚህኛው የሚደርስዎ አልጋ ብቻ ነው።

ወንድሜ እንዴት ገባበት ቢሉ፥ ለሁለት ሰው የትርዒት ቲኬትና የእራት ግብዣ በነፃ ይሰጥሃል፥ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ተቀምጠህ ማብራሪያ ስማ ተባለ። አንድ ሰዓት ተኩሉ አራት ሰዓት ሆነ። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው እየተተካ፥ ዋጋው «ለዛሬ ብቻ» እየተባለ ሲወርድ ቆይቶ ፈረመ። ቱሪስቱን ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሰው፥ ከመኖሪያው የሩብ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ የዕረፍት ቤት ገዛ።

ማክሰኞ ማታ የተማሪዎቼን ፈተና ማረም ትቼ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥሁ። ዋጋው 18,000 ዶላር፥ ቅድሚያ የተከፈለው 1,800፥ የቀረው 16,200 በ10 ዓመት በ15 በመቶ ወለድ የሚከፈል ነው። ይህ በየወሩ 261 ዶላር ይሆናል። በ10 ዓመት ውስጥ ከቅድሚያው ጋር ከ33,000 ይበልጣል፤ ይኸውም ወለዱ ብቻ የቤቱን ዋጋ ሊያክል ጥቂት ቀረው። በዚህ ላይ የጥገና ክፍያ አለ። መጀመሪያ በዓመት 1,000 ዶላር ሲሆን፥ እንዲጨምር ውሉ ይፈቅዳል። በዓመት 5 በመቶ ይጨምራል ብዬ ባሰላው የ10 ዓመቱ 12,500 ዶላር ያህል ሆነ። ሁሉም ሲደመር ከ45,000 ዶላር በላይ ነው፤ ለአንድ ሌሊት 650 ዶላር ማለት ነው። ስህተት ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ ደመርሁት።

ሳምንቱን ለመለወጥ ቢፈልግ ደግሞ ለመለዋወጫው ድርጅት የአባልነት፥ በለወጠ ቁጥርም የመለወጫ ይከፍላል፤ የአውሮፕላኑ ቲኬት የራሱ ነው። ሳምንት ሁሉም እኩል አይደለም። የገና ሰሞን ሳምንት ያለው ሰው የፈለገውን ያገኛል፤ ማንም የማይፈልገውን ሳምንት ያስረከበ ግን በሐምሌ የባሕር ዳር ቤት አይደርሰውም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ይህን የመሰለ ሳምንት የገዙና የሰለቻቸው ሰዎች በኢንተርኔት ገበያ ላይ በጥቂት መቶ ዶላር፥ አንዳንዴም በ1 ዶላር ለሽያጭ ያቀርባሉ፤ የጥገናውን ዕዳ የሚረከባቸው ሲያጡ ነው። እርግጥ በዚህ ዋጋ ከሁለተኛ እጅ ገዝቶ፥ ሳይበደር፥ ልጆቹን ይዞ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ይጠቅማል፤ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አልክድም። ወንድሜ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ዕረፍት የማይወስድ ሰው ነው።

አሁን፥ አንባቢዬ፥ መናገር ወደሚከብደኝ ደረስሁ። በኔቫዳ ግዛት ሕግ ገዢው ከፈረመ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካስታወቀ ውሉ ይፈርሳል፥ ገንዘቡም ይመለሳል። በፍሎሪዳ 10 ቀን ነው፤ በኤውሮፓ ኅብረት አገሮች 14። ወንድሜ የፈረመው ቅዳሜ ነበር። ስለዚህ እስከ ሐሙስ እኩለ ሌሊት ጊዜ ነበረው። እኔም ይህን ማክሰኞ ማታ ከውሉ ላይ አንብቤዋለሁ።

ረቡዕ አልደወልሁም። ያስተማረኝን ታላቅ ወንድም «ጋሼ፥ ተታለሃል» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? ሐሙስ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት፤ ስለ እናታችን ሲናገር የነበረው ድምፁ ትዝ አለኝ። ዓርብ በምሳ ሰዓት፥ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደወልሁ። እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነበር፤ እሱም በሥራ ላይ ነበርና ወዲያው አነሣው። ሁሉንም ነገርሁት። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለኝ። ማክሰኞ አልሁት። ተሳፋሪ መጣብኝ ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ እናታችን ቪዛ ጠይቃ ተከለከለች። ድርሻህን የሚገዛ ሰው አግኝተንልሃል፥ ለማዘዋወሪያ አስቀድመህ 2,000 ዶላር ላክ የሚሉም ደወሉለት። የአሜሪካ መንግሥት ስለ እንዲህ ያሉት ደዋዮች ሕዝቡን ያስጠነቅቃልና ይህንንስ በዚያኑ ሰዓት ነገርሁት፤ አልላከም። ያለፈው ዓመት ሳምንቱ እንዳይባክን ብሎ እዚያው ሩብ ሰዓት መንገድ ሄዶ አደረበት። ወጥ ቤቱ ሰፊ ነው አለኝ። ዶሮ ሠርቶ የታክሲ ጓደኞቹን ጠርቶ ነበር፤ ሁለቱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሥራ ቀሩ። ሲነግረኝ ሳቀ፤ ከዚያች ዓርብ በኋላ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚህ ወር የጥገናው ደብዳቤ ደረሰው፤ ክፍያው ጨምሯል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ላከልኝና ከሥሩ «መክፈል ባቆም ምን ይደርስብኛል? አስላልኝ» ብሎ ጻፈ። እርማቴን ዘግቼ ውሉን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ አነበብሁና መልሱን በዚያው ሌሊት ላክሁለት።