የምደባው ሰሞን

በ2000 ዓ.ም. ግድም ደሴ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው ዛሬም «ቢፒአር» ሲባል ሆዱ ባር ባር ይለዋል። «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» የሚለውን ሙሉ ስሙን የምንጠራው አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነበር። ፒያሳ ቡና ስንጠጣም ሆነ ወደ ሰኞ ገበያ ስንወርድ ወሬያችን አንድ ነው፤ ማን ይመደባል? ማን ይንሳፈፋል? «ተንሳፋፊ» የሚባለው በአዲሱ መዋቅር ቦታ ያላገኘው ነበር።

ስልጠናስ አላነሰንም። አንድ ማመልከቻ ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር፣ የት የት እንደሚያድር በትልልቅ ወረቀት እየሣልን ሰነበትን። ሥዕሉም እውነት ነበር። ከቦረናና ከወረኢሉ አንድ ፊርማ ፍለጋ የመጣ ገበሬ ደሴ አድሮ «ነገ ተመለስ» ይባል ነበር። በኋላ ብዙ ጉዳይ በአንድ መስኮት ሲያልቅ አይተናል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

መዝገብ ቤታችንን ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁ አንድ አባት ነበሩ። የማንን ፋይል ብትጠይቃቸው ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚወጣ በቃላቸው ያውቁታል። በስልጠናው ማብቂያ «ጥያቄ ካለ» ሲባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ የሣልከው መልካም ነው። እኔ ግን የቱ ጋ ነኝ?»

«ምደባው ሲወጣ ይታያል» አላቸው አሰልጣኙ።

ምደባው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ስማቸው አልነበረም። አጠገባቸው የነበረች የሥራ ባልደረባችን «አብሽሩ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘችም። ከዚያ ወዲያ ፋይል በጠፋ ቁጥር ቤታቸው ድረስ ሰው ይላክ ነበር። እሳቸውም ሳይቀየሙ ይመጡና አውጥተው ይሰጡ ነበር።

ቢፒአርን ለዓለም ያስተዋወቁት አሜሪካውያኑ ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ ናቸው፤ መጽሐፋቸው የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ሐመር ራሱ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የሰውን ጉዳይ በበቂ ሁኔታ እንዳላየው አምኗል። ታዲያ እኛ ዘንድ ቢፒአር በየቢሮው ሲገባ ይህ ከተነገረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የዘዴው ትምህርት ደርሶን የባለቤቱ ጸጸት ሳይደርሰን መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ የፋብሪካ ሰው የሚያነሳው ከጃፓን የመጣውን የለውጥ ዘዴ፣ ካይዘንን ነው። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ2004 ነው። እኔ ካይዘንን የማከብርለት አንድ ነገር አለ፤ ክሩ ለምን እንደሚበጠስ አስቀድሞ የሚጠየቀው ማሽኑ ፊት የቆመው ሠራተኛ ነው።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን ስልጠናም አልነበረውም። ሁለቱ ከተሞች በጥቅምት 2014 በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ኅዳር 27 ነፃ ሲወጡ፣ ሠራተኛው ወደ ተዘረፈ ቢሮና ፋብሪካ ተመለሰ። ኮምፒውተር የለም፤ ሰነዱ ወለል ላይ ተበትኗል። የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎቹን አጥቷል። በሐምሌ 2009 በደስታ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከዘረፋው አልተረፈም። ወር ሳይሞላ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፤ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይላክ የነበረው ልብስ ይህን ዕድል አጣ። ያኔ ማን መዋቅር አጠና? ማን የሥራ ሂደት መሪ ተብሎ ተመደበ? አንዱ ከቤቱ ወንበር አመጣ፣ ሌላዋ የተበተነውን ወረቀት በየስሙ ለየች፣ ባለጉዳዩ ራሱ መጥረጊያ ያዘ። ሁሉም የሚሠራውን ያውቅ ነበር፤ ያንን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ድሮም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዛሬ የምደባው ዝርዝር ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ማታ በቴሌግራም ይመጣል። ሠራተኛው ስሙን የሚፈልገው ልጆቹ አጠገብ ሆኖ ነው። ስልጠናውም በፕሮጀክተር ሆኗል። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ዛሬም መልሱ «ምደባው ሲወጣ ይታያል» ነው።

አዲስ መዋቅር ይዛችሁ ለምትመጡ ሁሉ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ስልጠናውን ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው አስቀምጡና ቦታው የት እንደሆነ ንገሩት። ቦታ ከሌለውም ያንኑ ቀን፣ ፊት ለፊት ንገሩት።