ለልጄ፣ ለመንገድሽ

እንጅባራ

ልጄ ሆይ፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስትነሺ ይህችን ወረቀት ከነጠላሽ ጋር አጣጥፈሽ ያዢያት።

ትናንት ማታ፣ «አባዬ፣ እግዚአብሔር ፍቅር ነው የሚለው መጽሐፍ፣ ኤሳው ተጠላ የሚለውስ ለምንድን ነው?» አልሽኝ። ሳልመልስልሽ መሸ።

እስቲ ነነዌን አስቢ። በዮናስ መጽሐፍ ከንጉሡ እስከ ከብቱ ጾማ ተማረች፤ ከዐቢይ ጾም አስቀድመን በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ይህንኑ ይዘን ነው። ናሆምን ስታነቢ ግን ያችው ከተማ በግፏ ተፈረደባት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ፈረሰች። ጌታ ሐሳቡን ለወጠ? አይደለም፤ ንስሐ የገባውና ወደ ግፍ የተመለሰው ትውልድ ለየቅል ነው። ሚልክያስም ኤሳው ሲል ኤዶምን፣ ወንድሙ ሲዘረፍ ቆሞ ያየውን ሕዝብ ማለቱ ነው። ለተበደለ የማይቆረቆር ፍቅር፣ ምኑ ፍቅር ነው? የኔታዎች «አንድም፣ አንድም» እያሉ የሚፈቱት፣ በአንድ ቃል ላይ እንዳንቸኩል ነው።

እኔን ያስተማረኝ ግን ጓሯችን ነው። አንድ ጎረቤት ቀርከሃዬን በሌሊት ቆርጦ ወስዶ ነበር። ዓመት ሙሉ «ፍረድልኝ» እያልኩ ለመንኩ። አንድ ቀን ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጄ ቆመ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ! ነነዌ ስለተማረች ያኮረፈው ዮናስ እኔው ነበርኩ። እናትሽ ከምድጃው ሥር ሆና፣ «አንተስ ስንት ጊዜ ተምረሃል?» አለችኝ። ወጥቼ ድንጋዩን ከጫንቃው አወረድኩለት። የቆረጠውንም ሽማግሌዎቹ በቆረጡት መጠን ካሰኝ። ምሕረቱም ፍርዱም በአንድ ደጅ፣ በአንድ ቀን ሆነ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረውም።

ስለዚህ ልጄ፣ ስትበደዪ የቁጣውን፣ ስትበድዪ የምሕረቱን ቃል ብቻ አትምረጪ። ደካማ ሲገፋ ዝም አትበዪ፤ የገፋው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ደግሞ ደጅሽ ላይ አታቁሚው። ያልገባሽን ጥያቄ አትፍሪው፤ ይዘሽው ጸልዪ፣ ይዘሽው ጠይቂ።

በሄድሽበት ይቅናሽ፤ የሰው ፍቅር ይስጥሽ።

አባትሽ