ማይክሮፎኑ የት ቆመ?

ዛሬ ከወትሮው ጉዳያችን ፈንጠር ብዬ ስለ መኪና ቴፕ ልጽፍ ነው። ብዙ እንደማልርቅ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

በምኖርበት በቡልጋሪያ አካባቢ የመኪና ቴፕና ስፒከር የሚገጥም አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሥራው ከፒንሳና ከሽቦ አልፎ ወደ ላፕቶፕ ዞሯል። ባለሙያዎቹ ዲኤስፒ የሚሏትን ትንሽ የድምፅ ማቀናበሪያ ሣጥን በቴፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ያስገባል፤ በሾፌሩ ጆሮ ትይዩ ማይክሮፎን ያቆማል፤ ከዚያም መለካት ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል፣ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ደግሞ 34 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የግራው ስፒከር ከሾፌሩ 90፣ የቀኙ 130 ሴንቲ ሜትር ቢርቁ፣ የግራው ድምፅ 1.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። ጆሮም ለቀደመው ያደላል፤ ድምፃዊው ከፊት ለፊት መቆሙ ቀርቶ በግራው በር ውስጥ የተወሸቀ ይመስላል። ሣጥኗ የቀደመውን በዚያው ልክ ታዘገየዋለች። እንደዚሁም ያለ ልክ የሚያገሳውን ታለዝባለች፤ የሰለለውን ከፍ ታደርጋለች። ወዳጄ ሥራውን የሚፈትነው በበገና ነው፤ የእንዚራው ንዝረት ጠርቶ ካልተሰማው እንደገና ይጀምራል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው የሚመጡ ደንበኞች በርክተውለታል። የሞተር ጫጫታ ሲጠፋ፣ ተሸፍኖ የኖረው መዛባት ሁሉ ይሰማል።

ጎኑ ለተቀመጠው ተሳፋሪ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለእርሱ ቀድሞውንም ቀኙ 1.2 ሚሊ ሰከንድ ይቀድመው ነበር፤ አሁን ግራው ሆን ተብሎ ስለዘገየ ልዩነቱ 2.4 ሆነ። የሾፌሩ ወንበር የተስተካከለው የጎረቤቱን መዛባት እጥፍ በማድረግ ነው።

«ለሁሉም ማስማማት አይቻልም?» አልኩት።

«ይቻላል ጋሼ። ማይክሮፎኑን በየወንበሩ እያዞሩ መለካትና አማካዩን መውሰድ ነው። ሾፌሩ ግን ከራሱ ጥራት ጥቂት መተው አለበት፤ ከፋዩ ደግሞ እርሱ ነው» አለኝ።

አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ከተቋቋመበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስለ መግባባት ብዙ ሰምተናል። መግባባትን የሚጠላ የለም፤ እኔም አልጠላም። ሆኖም ከመሪው ኋላ የተቀመጠ ሰው «ተስማምቷል» ሲለን ዋሸ ማለት አንችልም፤ ከእርሱ ወንበር በእርግጥ ተስማምቷል። ልንጠይቀው የሚገባው ልኬቱ ወደ ኋላ ወንበር ደርሶ እንደሆነና እርሱስ ለዚያ ሲል ምን ያህል ለመተው እንደተዘጋጀ ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «ምንም» ከሆነ፣ የቱንም ያህል የረቀቀ መሣሪያ ቢገጠም፣ ለአንድ ሰው የተቃኘ ዜማ ሌሎቻችንን ሲረብሸን ይኖራል።