ከክሩስኮቱ በስተጀርባ

የ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር። አዲስ አበባ ታቦታቱን አጅባ ወደ ጃንሜዳ ስትወርድ፣ እኔ ሚኒያፖሊስ ላይ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በወረደ ብርድ የመኪናዬን የፊት መስተዋት በእጅጌዬ እጠርግ ነበር። ብጠርገው ብጠርገው አልጠራ አለኝ። ጉሙ ያለው ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነበር፤ ሲነኩትም እንደ ቅባት ያሙለጨልጫል። መኪናው ውስጥ ደግሞ አንድ ጣፋጭ ሽታ ሰንብቷል። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና «አባ፣ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል» ስትለኝ ስቄ አልፌያታለሁ።

ሳቄ ያበቃው አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤቷ ስንሄድ ነው። እግረኛ ማቋረጫው ላይ አንዲት አሮጊት ከዚያ ጉም መሐል ድንገት ብቅ አሉ። ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናዋ በረዶው ላይ ተንሸራትታ ከእርሳቸው አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ሴትዮዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ምንም ሳይናገሩ ተሻገሩ። እኔ ግን ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ።

የጠየቅሁት ጋራዥ የነገረኝ ዋጋ ከአሮጌዋ ቶዮታዬ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ማታ፣ አዲስ አበባ ላይ ሲነጋ፣ ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ካቻቢቴ ከጨበጡ ዓመታት አልፈዋል።

«በተሳፋሪው እግር በኩል ያለውን ምንጣፍ ዳስሰው» አሉኝ።

«ረጥቧል።»

«በጣትህ እሸው። ውሃ ነው ወይስ ያሙለጨልጫል?»

«ያሙለጨልጫል፤ ሽታም አለው።»

«ውሃ ብቻ ቢሆን ከኤሲው ወይም ከበሩ ገባ እንል ነበር። እንግዲህ የማሞቂያዋ ራዲያተር ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ የሞተሩን ትኩሳት ተሸክሞ፣ ከክሩስኮቱ በስተጀርባ ወደተደበቀች አንዲት ትንሽ ራዲያተር ይጓዛል። አንዱ የጎማ ቱቦ ያስገባዋል፤ ሌላው ይመልሰዋል። ነፋስ በእርሷ ላይ ሲያልፍ ሙቀቱ ወደ እኛ ይደርሳል። እርሷ ስትበሳ ግን ፈሳሹ ወደ ምንጣፉ፣ እንፋሎቱ ወደ መስተዋቱ ይሄዳል። ያ ጣፋጭ ሽታም የመርዝ ሽታ ነው፤ ኤቲሊን ግላይኮል ይባላል። «ከረሜላ» ያለችው ልጄ ትዝ ስትለኝ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

«ሞተሩ ሲበርድ ሁለቱን ቱቦዎች ንቀልና እርስ በርስ አገናኛቸው» ቀጠሉ አባቴ። «መፍሰሱ ከቆመ ጥፋቱ የእርሷ ነው። ከዚያ በዚያው ተዋት። ስንቱን ሰው እንዲህ አድርገን ሸኝተናል! ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ መዞር ለምኑ? ማሞቂያ ምን ይሠራል?»

ዝም አልኩ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ «ብርዱ እንዴት ነው?» ባሉኝ ቁጥር «ደህና ነው፤ ለምደነዋል» ስል ኖሬአለሁ። ማሞቂያ ለእርሳቸው ትርፍ ዕቃ ብትሆን ጥፋቱ የእኔ ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ያለ እርሷ መንዳት አይቻልም። እስትንፋሳችን መስተዋቱ ላይ በረዶ ይሠራል።»

ስልኩ ጸጥ አለ። ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅቷንም በዚህ ብርድ ነው የምታመላልሳት?» አሉኝ።

ቅዳሜ ቱቦዎቹን አገናኘሁ፤ ጠብታው ቆመ። የአባቴ ፍርድ ጸና። ያን ሳምንት ልጄን ጎረቤት አደረሰልኝ። በቀጣዩ ቅዳሜና እሑድ የአንድ ወዳጄ ቤት ውስጥ፣ ኤርባጉን ፈርቼ አስቀድሜ ባትሪውን ነቅዬ፣ ክሩስኮቱን ፈታሁ። ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ላይ በተራ እየደረደርኩ፣ በስልኬም ፎቶ እያነሳሁ ወደ ውስጥ ገባሁ። አሮጌዋ ራዲያተር ስትወጣ በጎኗ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀላ ያለች ቅርፊት ነበረች። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእርሷ ነው። አዲሷን ተክቼ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል ለእኩል ሞላሁ፤ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈት አድርጌ፣ የታመቀው አየር በአረፋ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ሙቀቱ መጣ። ልጄ ሳላዛት ጓንቷን አወለቀች። አባቴ ባሉኝ መሠረት ምንጣፉ ሥር ያነጠፍኩት ጋዜጣም ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ እንደሆነ ከረመ።

ይህንን ልነግራቸው ደወልኩ። ደስ አላቸው። ከዚያ እንደ ወትሯቸው፣ «ብርዱስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከዜሮ በታች 20 ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «በጣም ይበርዳል።»