ትከሻውን ንኩት!

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስንወርድ መኪናው ድፎ ዳቦ ድፎ ዳቦ ይሸታል። እትዬ ለልጃቸው የውትድርና ምረቃ ባዶ እጃቸውን ሊሄዱ ነው እንዴ? ቆሎው፣ በሶው፣ ጭኮው... "ኧረ እትዬ፣ እዚያም እኮ ያበሏቸዋል" ብል፣ "ምን? ሳንድዊች?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

የምንሄድበት ፎርት ጃክሰን ያለው ደቡብ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ ከተማ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1917 የተቋቋመ፣ የአሜሪካ ምድር ጦር ትልቁ የመሠረታዊ ሥልጠና ማዕከል። ሥልጠናው 10 ሳምንት ይፈጃል። የምረቃው ዋዜማ "የቤተሰብ ቀን" ነው። ሠልጣኞቹ ከጫካው ጥግ ጭሱን ሰንጥቀው ወጡና እንደ ሐውልት ተገትረው ቆሙ። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ከቤተሰቡ አንዱ መጥቶ ትከሻውን እስኪነካው ድረስ ወታደሩ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ለእትዬ ማን ይንገራቸው? ፊቱ ቆመው እልልታውን ያቀልጡታል፤ ልጁ ግን ዞር ብሎም አያያቸው። "ወይኔ ልጄን! ምን አደረጉብኝ?" ሲሉ፣ አጠገባችን የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት እናት በእጃቸው የራሳቸውን ትከሻ መታ መታ አድርገው አሳዩአቸው። እትዬ በመንካት ብቻ አላበቁም፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። የመጀመሪያ ቃላቸውም "ከሳህ!" ነበር።

ምግብ ይዞ ወደ ሰፈሩ መመለስ ክልክል ነውና ጭኮው እዚያው ከጓደኞቹ ጋር ተበላ። እናንተም ዘመድ ልታስመርቁ ከሄዳችሁ፣ እልልታው ይደርስላችኋል፤ አስቀድማችሁ ትከሻውን ንኩት።